ወረቀት ያልነበራቸው የደብረ ኤልያስ ልጆች

አማርኛችን ሥራ ለሌለው ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱ «ሥራ ፈት» ነው፤ ሌላው «ሥራ አጥ»። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሥራ ፈት ሲባል ሰውየው ራሱ ሥራውን የተወ፣ ያወቀውን የፈታ ይመስላል። ሥራ አጥ ግን ፈልጎ ያጣ ነው። አባት በልጁ ሲናደድ «ይህ ሥራ ፈት!» ይላል እንጂ «ይህ ሥራ አጥ!» ሲል አልሰማሁም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅም መተዳደሪያ ማጣትን ከሌሎች የአደገኛነት ምልክቶች ጋር አጣምሮ በሕግ የሚያስጠይቅ አድርጎት ነበር። ከ12ኛ ክፍል ወይም ከ10ኛ ክፍል ተመልሳችሁ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ዓመት ቤት የተቀመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሁለቱን ስሞች የሚለየውን ነገር ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ዛሬ ላጫውታችሁ የምፈልገው ስለ አንድ ቦታ ነው፤ ስለ ደብረ ኤልያስ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ምዕራብ ነው፤ የወረዳው ደቡብ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ጤፍና ስንዴ ይበቅልበታል። ስሙ የተጠራው ግን በእህል ሳይሆን በቅኔ ነው። እኛ በወንጌላውያን ቤት ያደግን ሰዎች የቅኔ ቤትን ታሪክ የጎረቤት ታሪክ አድርገን እናልፈዋለን። እኔ አይመስለኝም። የአገራችንን ፊደል የጠበቀው፣ መጽሐፍ ቅዱስን በአማርኛ ለማንበብ ያበቃን የቋንቋ ዕውቀት የተቀመጠው እዚያ ነው። ስለ ሥራ ማጣትም የሚነግረን ነገር አለው።

የቅኔ ተማሪ ከቤቱ ሲወጣ ስንቅም ገንዘብም የለውም። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ በትከሻው አንግቶ ከመንደር መንደር እየለመነ ይማራል። ውሻ ያባርረዋል፤ የውሻ ንክሻ የሌለበት የቆሎ ተማሪ እግር ማግኘት አስቸጋሪ ነው ይባላል። ማደሪያው ራሱ የሠራት ትንሽ ጎጆ ናት። ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ወይም ጫካ ገብቶ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል ወይም ይጥላል። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ተነስቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ይህ ዓመታት ይፈጃል። መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ማኅተም ያለበት ወረቀት አይደለም። መምህሩ ይመሰክርለታል፤ «አስመሰከረ» ይባላል። ከዚያ በኋላ የትም ቢሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከማን ተማርህ?» ተብሎ ነው፤ የመምህሩ ስም ዲፕሎማው ነው። ካልታመነ ደግሞ «እስቲ ተቀኝ» ይባላል፤ ፈተናው እዚያው ቆሞ ነው።

ታሪኩን የሚያሞግሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ነገር አለ። ከዚያ ሁሉ ተማሪ ውስጥ ሥራ ያገኘው ስንቱ ነው? አንድ ደብር አለቃው አንድ ነው፤ ቀኝጌታና ግራጌታው፣ መሪጌታው የተቆጠረ ነው። ለአገልጋይ የሚሰጠው መሬትም የተወሰነ ነበር፤ ያንንም ብዙውን ጊዜ የአገልጋዩ ልጅ ይወርሰዋል። ስለዚህ ተምሮ፣ አስመስክሮ፣ ቦታ ያጣ ሰው በጎጃም አዲስ አይደለም። ደብዳቤና አቤቱታ ይጽፍ ነበር፤ የሰው ልጆች ያስተምር ነበር፤ ከደብር ደብር ይዞር ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበባችሁ በዛብህን ታስታውሳላችሁ፤ የተማረ፣ ድምፁ ያማረ፣ ነገር ግን በጌታ ቤት ልጅ እያስተማረ የሚኖር ድሃ። ያንን ሰው የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ ከየት እንዳመጡት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሩ። ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ የያዙት ይህንኑ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ገና ጅምር ነበር፤ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ነው የተከፈቱት። ሐዲስ መጀመሪያ የገቡት የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ ኋላ ወደ ተፈሪ መኮንን ተዛወሩ። የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን በአዲስ አበባ ሥራውን የጀመረው ካርል ሴደርክቪስት በተባለው ሚሲዮናዊ በኩል ነው፤ ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ከተማዋ መጥቶ ልጆች ማስተማር ያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1919 ሞተ። ትልቅ ሕንፃ የነበረው ሰው አይደለም። እንዲህ ባለ በር ከጎጃም የመጣ የቅኔ ተማሪ ገብቶ መማሩን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ሐዲስ ከትምህርት በኋላ ያገኙት ሥራ ምን ነበር? ወደ ጎጃም ተመልሰው የጉምሩክ ጸሐፊ ሆኑ፤ የትምህርት ቤት ኃላፊም ሆኑ። ከዚያ ጦርነት መጣ። ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ተዋግተው በ1929 ዓ.ም. ተማረኩ፤ ወደ ጣሊያን ተወስደው በፖንዛ፣ ቀጥሎም በሊፓሪ ደሴት ታሰሩ። ነፃ የወጡት የተባበሩት ኃይሎች ጣሊያን ሲገቡ ነው። ሰባት ዓመት ገደማ። የሥራ ማመልከቻ የጻፋችሁ ሰዎች ይህን ነገር ታውቁታላችሁ፤ «ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት የት ነበርህ?» የሚለውን ጥያቄ። የሐዲስ መልስ «ደሴት ላይ፣ እስር ቤት» ነው። ሲመለሱ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ገቡ፤ በኢየሩሳሌም ቆንስል ሆኑ፤ ቀስ በቀስም እስከ አምባሳደርነትና ሚኒስትርነት ደረሱ። ልብ ወለዳቸው የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው።

ሁለተኛው ሰው ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ራሷ ደብረ ኤልያስ ያፈራቻቸው ናቸው፤ በ1887 ዓ.ም. ተወለዱ። ቅኔውን ይዘው አዲስ አበባ መጥተው መምህር ሆኑ፤ ለተማሪዎች ተውኔት ጻፉ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥምም የእሳቸው ነው። በጣሊያን ጊዜ ተሰደዱ፤ ተመልሰው «አፋጀሽኝ»ን አሳዩ፤ በ1939 ዓ.ም. አረፉ። ተውኔት መጻፍ የተማሩበት ትምህርት ቤት አልነበረም። የነበራቸው ቅኔ ነው። ሰሙን ለዓይን፣ ወርቁን ለልብ መስጠትን የለመደ ሰው መድረክ ላይ ባለታሪክ ማቆም አይከብደውም። የተማሩት ሌላ፣ የሠሩት ሌላ ይመስላል፤ እጁ ግን አንድ ነው።

እኅቶችም «ይህ የወንዶች ታሪክ ነው» እንዳትሉ፣ በዚያው በጎጃም ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የቅኔ መምህርት ሆነው ወንዶቹን ተማሪዎች አስተምረዋል። በዚያ ዘመን ለሴት ያውም ዓይኗ ለማያይ ማን ወረቀት ይሰጣት ነበር? የሰጣት የለም፤ ተማሪዎቹ ግን መጡ።

አሁን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። እነዚህን ታሪኮች ይዘን ለሥራ አጥ ወጣት «አየህ፣ እነሱ ጣሩ፣ አንተም ጣር» ብለን ብንሄድ ግማሹን እውነት ደብቀናል። በዚያ ዘመን ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ጥቂት ነበር፤ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ገና እየተከፈቱ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ይባስ ብሎ አገሪቱ የተማሩ ልጆቿን አጥታ ነበር፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቱ እየመረጠ የገደለው የተማረውን ነው። ወንበሩ ባዶ ስለነበር በሩ ተከፈተ። ሐዲስም ዮፍታሔም ችሎታ ነበራቸው፤ ነገር ግን የሚጠብቃቸው ባዶ ቦታም ነበረ። የእናንተ ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ችሎታው አለ፤ ወንበሩ ሞልቷል።

ወንበሩ እንዴት እንደሞላ ለማየት ወደ መሬቱ እንመለስ። በጎጃም ርስት በትውልድ ይጠየቅ ነበር፤ በአባትም በእናትም ወገን ዘሩን መቁጠር የቻለ ሰው ድርሻ አለኝ ብሎ መከራከር ይችላል። ክርክሩ ስንት ዘመድ ከስንት ዘመድ እንዳለያየ ሌላ ጉዳይ ነው። ነገር ግን የገበሬ ልጅ «ሥራ የለኝም» የሚል ሐሳብ አልነበረውም፤ የሚያርሰው ይጠብቀዋል። በ1960 ዓ.ም. ቢቸናና ሞጣ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲያምፁ ከቁጣው በስተ ጀርባ «መሬታችንን ሊለኩብን ነው» የሚል ፍርሃትም ነበረበት። ከመሬት ውጭ ያለው ሥራ፣ ሸማኔነት፣ ቀጥቃጭነት፣ ቆዳ ፋቂነት፣ ይናቅ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጁ እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ግን ከአዋጁ ረጅም ዕድሜ ኖረ፤ ዛሬም ልጁ ብየዳ ሲማር የሚያፍር ወላጅ አለ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆነ። ከዚያ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል፣ በተለይ በምሥራቅ ጎጃም በሰፊው መሬት እንደገና ተከፋፈለ። «ቢሮክራት» እና «የፊውዳል ርዝራዥ» የተባሉት ሰዎች ከ4 ጥማድ፣ ማለትም ከ1 ሄክታር ገደማ በላይ እንዳይዙ ተደረገ፤ ለሌላው ጣሪያው 3 ሄክታር ነበር። ያንን ድልድል የሚደግፍም የሚያወግዝም በየቤቱ ታገኛላችሁ፤ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። ለዛሬው ጉዳያችን የሚያስፈልገው አንድ ነጥብ ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ያለ ድልድል አልተደረገም። ያኔ ሕፃን የነበረው ዛሬ የሠላሳዎቹ ዕድሜ ሰው ነው። መሬት የሚያገኘው አባቱ ከሰጠው፣ ከወረሰ ወይም ከተከራየ ነው። አምስት ልጆች አንድ ሄክታር ሲካፈሉ ለእያንዳንዱ አንድ ጥማድ እንኳ አይደርሰውም። የገበሬ ልጅ «ሥራ የለኝም» ማለት የጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ስንፍና በድንገት ስለወረደበት አይደለም።

አንዳንዱ ወደ ሑመራና መተማ ወረደ። የሰሊጥ እርሻ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ሲስፋፋ ጀምሮ ደጋው ቆላውን በጉልበት ሲያርስለት ኖሯል። የሰሊጥን ጠባይ ብታውቁ ሥራው ለምን ያን ያህል ሰው እንደሚፈልግ ይገባችኋል። ፍሬው ሲደርቅ ከረጢቱ ይከፈታል፤ አንድ ሳምንት ዘግይቶ የታጨደ ሰሊጥ ፍሬውን መሬት ላይ አፍስሶ ይጠብቃል። ስለዚህ ሳይደርቅ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ቆሞ ይደርቃል፤ ይህ ሁሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በእጅ። ለዚህ ሥራ ማንም የ12ኛ ክፍል ውጤት አይጠይቅም። የሚጠየቀው ወገብ ነው። ዋጋው ግን ከደመወዙ ጋር አብሮ አይነገርም ነበር። ደጋ ያደገ ልጅ ሜዳ ላይ ሲያድር ወባ ይይዘዋል፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛርም አለ። ይህ በሽታ ጉበትና ጣፊያን ያሳብጣል፣ ያመነምናል፤ ካልታከመ ይገድላል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሑመራ ከታመሙት ብዙዎቹ እንዲህ ሥራ ፍለጋ የወረዱ የደጋ ሰዎች ናቸው። ልጃገረዶቹ ደግሞ ወደ ከተማ ገብተው በሰው ቤት ተቀጠሩ፤ ስለ እነሱ የተጻፈው ጥቂት ነው፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባቸዋል።

በዚሁ ጊዜ ትምህርት ቤቱ በዛ። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከትምህርቱ ጋር የወረቀት ዘመን መጣ። በ10ኛ ክፍል ፈተና የሚለይበት ዘመን ነበር፤ ኋላ ቀረ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ890,000 በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30,000 አይሞሉም። ከመቶ ሦስት ገደማ ማለት ነው። ፈተናው መጥበቁ ትክክል ነው አይደለም እያልን ስንከራከር ከቀሩት ዘጠና ሰባቱ ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው ገቡ። በአንድ ቀን ወረቀት አልባ ሆኑ። በሌላ በኩል ወረቀቱን የያዙትም ድንጋይ ሲያነጥፉ አየን፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኮብልስቶን በየከተማው ሲነጠፍ ባለ ዲግሪው ጠራቢ መሆኑ የቀልድ ርእስ ሆኖ ነበር። እኔ ያ ቀልድ አያስቀኝም። ጥቁሩን ድንጋይ ካሬ አድርጎ መጥረብ፣ አሸዋውን አስተካክሎ መደርደር፣ ውኃው የሚወርድበትን አቅጣጫ ማወቅ ሙያ ነው። ብዙ ልጆች በዚያ ሥራ የመጀመሪያ ቁጠባቸውን ቆጥበዋል።

ሥራ ማጣት ሲረዝም በሰው ላይ የሚያደርገውን ነገር ከሌላ አገር ልጥቀስላችሁ። በኦስትሪያ፣ ቪየና አጠገብ ማሪየንታል የምትባል መንደር ነበረች። የመንደሯ ሰው በሙሉ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይኖር ነበር፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1930 ተዘጋ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደዚያ ገብተው ያዩትን እ.ኤ.አ. በ1933 አሳተሙ። ሰው ጊዜ ሲተርፈው ብዙ ያነባል ብላችሁ ታስባላችሁ፤ ከመንደሯ ቤተ መጻሕፍት የሚወሰደው መጽሐፍ ግን ቀነሰ። ወንዶቹ መንገድ ሲሄዱ እርምጃቸው ዘገመ፤ ደጋግመው ይቆሙ ነበር። ሰዓት ማሰር ተዉ። ሴቶቹ ቤት ውስጥ ሥራ ስላላቸው ፈጥነው ይራመዱ ነበር። ድህነቱ ብቻ አልነበረም የጎዳቸው፤ ቀኑ ቅርጹን አጣ።

ይህን ሳነብ የቆሎ ተማሪው ትዝ አለኝ። እሱም ገቢ የለውም፤ እንዲያውም ከማሪየንታል ሰው የባሰ ድሃ ነው። ነገር ግን ቀኑ ቅርጽ ነበረው፤ የሚለምንበት ሰዓት፣ የሚቆጥርበት ሰዓት፣ ለመምህር የሚነግርበት ሰዓት። ማታ «ዛሬ ምን ቆጠርህ?» የሚለው ሰው ነበረው። ዓመታት ያለ ገቢ ኖሮ ያልተሰበረው፣ ይመስለኛል፣ በዚህ ነው።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል 20ኛው ምዕራፍ ስለ ወይን ቦታ ሠራተኞች የተናገረውን ምሳሌ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ብዙ ጊዜ የምንሰብከው ስለ ክፍያው ነው። እስቲ ቀኑ ሊመሽ ሲል አደባባይ ቆመው የተገኙትን ተመልከቱ። ለምን ቆማችሁ ሲባሉ የሰጡት መልስ የሚቀጥራቸው ሰው እንዳጡ ነው። ባለቤቱ በመልሳቸው አልተከራከረም። የምስክር ወረቀት አልጠየቀም፤ ጠዋት የት እንደነበሩም አልመረመረም። እናም ልብ በሉ፣ እነሱ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ወደ ቤታቸው አልገቡም። አደባባዩ ላይ ነበሩ። ደብረ ማርቆስ ወይም አዲስ አበባ ማለዳ የቀን ሠራተኞች የሚቆሙበትን ቦታ ያየ ሰው ይህ ምን ያህል ጥንካሬ እንደሚጠይቅ ያውቃል፤ በተለይ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ፣ ጠንካራ ጠንካራው ተመርጦ ከሄደ በኋላ።

እንግዲህ በየአጥቢያችን ያለው የወጣቶች ኅብረት ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ቤት ሊወስድ የሚችለው አንድ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ፤ ማስመስከር። ዛሬ ይህ በመንግሥት አሠራርም በር አለው፤ ብዙዎቻችሁ ግን አታውቁትም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሙያን ከየት እንደተማራችሁ ሳይሆን መቻላችሁን ይመዝናል። «ሲ.ኦ.ሲ.» የምንለው የብቃት ምዘና ኮሌጅ ገብቶ ለተመረቀ ብቻ አይደለም። ከአጎቱ ጋር ግንበኝነት የለመደ፣ ጋራዥ ውስጥ ሦስት ዓመት ያገለገለ፣ ሆቴል ወጥ ቤት ያደገች ልጅ ለምዘና መመዝገብ ትችላለች፤ ይችላል። መዛኙ ፊት ቆሞ መሥራት ነው፤ የጽሑፍ ፈተናም አለው። «እስቲ ተቀኝ» እንደማለት ነው።

ለዚያ ለመድረስ ግን መጀመሪያ የምትሠሩበት ቦታ፣ እጃችሁን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። በየጉባኤያችን አናጺ አለ፣ ልብስ ሰፊ አለ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አለ፣ ዳቦ ቤት ያላት እናት አለች። እሑድ አጠገባችሁ የሚቀመጡትን እነዚህን ሰዎች ለሁለት ወር አብሬያችሁ ልሥራ ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ሽማግሌዎቻችንስ ለሥራ ፈላጊ ልጅ ደብዳቤ ሲጽፉ «በቤተ ክርስቲያናችን በታማኝነት የሚያገለግል ወንድም ነው» ብለው ያቆማሉ። አሠሪው ይህን አንብቦ ምን ያውቃል? መምህሩ ስለ ቅኔ ተማሪው ሲመሰክር እስከ መወድስ መድረሱን ይናገር ነበር። ደብዳቤው ላይ ልጁ ምን እንደሠራ ይጻፍ፤ የአዳራሹን ወንበር የጠገነው እሱ ከሆነ ስንት ወንበር እንደጠገነ፣ የድምፅ መሣሪያውን የሚይዘው እሱ ከሆነ ስንት ዓመት እንደያዘ፣ የኅብረቱን ሒሳብ የምትመዘግበው እሷ ከሆነች ስንት ብር በእጇ እንዳለፈና ሲቆጠር ጎድሎ እንደማያውቅ። ከሥሩም ስልክ ቢደወል የሚመልስ፣ ያየ ሰው ስም።